የቁልፍ ሠሪው ልጅ ሚዛን

የቮልቴጅንና የኮረንትን ዝምድና የሚነግረን ሕግ ሦስት ፊደል ብቻ ነው። አሥረኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ ሸምድዶታል፤ አብዛኛው ደግሞ በፈተናው ማግሥት ረስቶታል። ስለ ሕጉ በቂ ተጽፏል። እኔ ላወራ የፈለግሁት ሕጉ ስለተገኘበት ዕቃ ነው፦ በአንድ ጎኑ ውሃ ይፈላል፣ በሌላው ጎኑ በረዶ ይቀልጣል፣ መሀሉ ላይ አንዲት የማግኔት መርፌ በወርቅ ጥብጣብ ተንጠልጥላለች። በኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ ከዚህ ዕቃ የሚገዝፉ መሣሪያዎች ሞልተዋል። በደንብ ታስቦበት በመሠራት ግን የሚወዳደሩት ጥቂት ናቸው።

ሠሪው ጌኦርግ ሲሞን ኦም ነው። ዛሬ ባቫሪያ ውስጥ በምትገኘው በኤርላንገን ከተማ በ1789 ተወለደ (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ ቁልፍ ሠሪ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ ደጃፍ ያልደረሰ፣ ግን ሒሳብን ራሱን በራሱ አስተምሮ ለልጆቹ ያወረሰ ቁልፍ ሠሪ። ታናሽየው ልጅ ማርቲን የሒሳብ ሊቅ ሆኖ ስም አወጣ። ትልቁ ደግሞ ሒሳቡንም የእጅ ሥራውንም ይዞ አደገ። ሞረድ በያዘ ሰው ቤት ያደገ ልጅ አንድ ነገር ያለ መምህር ይማራል፦ የቁልፉ ጥርስ በትንሹም ቢሆን ከተሳሳተ መዝጊያው አይከፈትም፤ ‹ሊከፈት ምንም አልቀረውም› የሚባል ቁልፍ የለም። ኦም በ1817 ኮሎኝ ከተማ ወደሚገኘው የቀድሞው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት ሒሳብና ፊዚክስ ሊያስተምር ሲገባ፣ ትምህርት ቤቱ ደህና የፊዚክስ ዕቃ ክፍል ነበረው። የጎደለውን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በ1820 ኮፐንሃገን ላይ ኧርስቴድ ኮረንት የሚያልፍበት ሽቦ የማግኔት መርፌን እንደሚያንቀሳቅስ አሳየ። ስለዚህ ኮረንትን መለካት ይቻላል ማለት ነው፤ መርፌዋ አብዝታ ከዞረች ኮረንቱ ብዙ፣ ጥቂት ከዞረች ጥቂት ነው። ታዲያ ሽቦው ሲረዝም ኮረንቱ ምን ያህል ይቀንሳል? ገፊው ኃይል፣ ዛሬ ቮልቴጅ የምንለው፣ ሲጨምርስ በስንት ይጨምራል?

አስቸጋሪው ባትሪው ነበር። የዚያ ዘመን ባትሪ አሲድ ውስጥ የተነከረ ዚንክና መዳብ ነው፤ ሽቦ ሲያገናኙለት መጀመሪያ ይንደረደራል፣ ጥቂት ቆይቶ ይደክማል፣ ሽቦው ሲነሣለት ደግሞ ያገግማል። መዳቡ ላይ የሃይድሮጅን አረፋ እየተለጠፈ ኃይሉን ይቀንሰዋል። በእንዲህ ያለ ባትሪ ሽቦን መለካት፣ ሥሩ በሚያፈስ ቁና ጤፍ እንደ መስፈር ነው፤ ጎደለ ስትል የጎደለው ጤፉ ይሁን ቁናው አታውቅም። ኦም መላ አላጣም፤ የሚለካውን ሽቦ ሁሉ ከአንድ አጭርና ወፍራም ሽቦ ጋር እያነጻጸረ የባትሪውን ድካም ሊያጣራ ሞከረ። በ1825 ያሳተመው ውጤት ግን ሎጋሪዝም ያለበት ቀመር ሆነ። ቀመሩ ስህተት ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ስንፍና አልነበረባቸውም። አንድ ጎበዝ ሠራተኛ በመጥፎ ዕቃ የት ድረስ መድረስ እንደሚችል የሚያሳይ ሥራ ነው።

ምክር የመጣለት ከፖገንዶርፍ ነው፤ በዘመኑ ትልቅ ስም የነበረውን ‹አናለን ዴር ፊዚክ› የተባለውን መጽሔት ያዘጋጅ ከነበረው ሰው። ምክሩ አሲዱን ተወው የሚል ነበር። ዜቤክ በ1821 በርሊን ላይ፣ ሁለት ዓይነት ብረቶች ተገጣጥመው አንደኛው መጋጠሚያ ሲሞቅና ሌላው ሲቀዘቅዝ የማግኔት መርፌ እንደሚንቀሳቀስ አይቶ ነበር። ሙቀትና ቅዝቃዜ ብቻ። ፈሳሽ የለም፣ አረፋ የለም፣ ድካም የለም።

ኦም ሁለት ጫፎቹ ወደ ታች ታጥፈው እንደ እግር የቆሙለት የቢስሙዝ ዘንግ አበጀ። በእያንዳንዱ እግር ላይ የመዳብ ጠፍር ገጠመ። አንደኛው እግር በሚፈላ ውሃ ይሞቃል፤ ሌላው በሚቀልጥ በረዶ ይቀዘቅዛል። ከዚህ የሚገኘው ቮልቴጅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፦ ጥቂት ሚሊቮልት። ለሬዲዮ የምንገዛው አንድ ባትሪ ድንጋይ 1,500 ሚሊቮልት ነው፤ ከኦም ዕቃ ከመቶ እጥፍ በላይ ይበረታል። የሠሪው ብልኀት የሚታየው እዚህ ምርጫ ላይ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን መርፌዋን የበለጠ ለማዞር ባትሪ በባትሪ ላይ ይደረድር ነበር። እርሱ ብርታቱን ትቶ የማይናወጠውን ደካማ መረጠ።

ውሃውንና በረዶውን ደግሞ ልብ እንበላቸው። በ1826 ሙቀትን ሳይለዋወጥ አንድ ልክ ላይ ማቆየት ቀላል አልነበረም። ግን የሚፈላ ውሃ እሳቱን ብታንርበት ቶሎ ያልቃል እንጂ አይግልም። የሚቀልጥ በረዶም ክፍሉ ቢሞቅ ቶሎ ይሟሟል እንጂ ጨርሶ እስኪያልቅ ድረስ ከዜሮ ፈቀቅ አይልም። ኦም ሁለት ጠባቂዎች ቀጠረ፤ ሁለቱም ደሞዝ የማይጠይቁ፣ ሁለቱም የማይዋሹ። (ይህን ሙከራ አዲስ አበባ ላይ መድገም የሚፈልግ ሰው ካለ፣ የእኛ ውሃ የሚፈላው 100 ላይ ሳይሆን 92 ዲግሪ ገደማ ላይ መሆኑን አይርሳ። ቁጥሮቹ በዚያው ልክ ያንሱበታል፤ የእርስ በርስ ዝምድናቸው ግን አይለወጥም።)

ከመዳቦቹ ጫፎች ጋር የሚለካው ሽቦ የሚገናኘው በሜርኩሪ ጽዋዎች ነው። ሽቦን በሽቦ ላይ ብትጠመጥም አንድ ጊዜ ታጠብቀዋለህ፣ ሌላ ጊዜ ታላላዋለህ፤ መጋጠሚያው ራሱ ኮረንት የሚያንቅ ሌላ ሽቦ ይሆናል፣ መጠኑም በየጊዜው ይለያያል። ሜርኩሪ ግን ፈሳሽ ብረት ስለሆነ የተነከረውን ጫፍ በሁሉም በኩል ያቅፈዋል፤ በጣት ጉልበት ላይ የተመካ ነገር አይኖርም። ሽቦ ማውጣት፣ ሌላ መንከር፤ ሥራው ይኸው ነው። መርዝ መሆኑን ዛሬ ስለምናውቅ ማንም ትምህርት ቤት እንዲህ አያደርግም፤ በዚያ ዘመን ግን ከዚህ የተሻለ መጋጠሚያ አልነበረም።

ሽቦዎቹ ስምንት ናቸው፤ ውፍረታቸው 2 ሚሊሜትር ገደማ የሆነ የመዳብ ሽቦዎች። ርዝመታቸው 2፣ 4፣ 6፣ 10፣ 18፣ 34፣ 66 እና 130 ኢንች ነው፤ የዚያ ዘመን ኢንች፣ ከዛሬው ጥቂት የሚረዝመው። እነዚህን ቁጥሮች መጀመሪያ ሳያቸው እንደ መጣለት የቆራረጣቸው መስሎኝ ነበር። ከሁለተኛው ጀምረህ ከእያንዳንዱ ላይ 2 ቀንስ፦ 2፣ 4፣ 8፣ 16፣ 32፣ 64፣ 128። ከመጀመሪያው አጭር ሽቦ በላይ የሚጨመረው ርዝመት በየደረጃው ልክ እጥፍ እየሆነ ይሄዳል። ነገሩ ለውበት ብቻ አይደለም። ሽቦው አጭር ሲሆን ኮረንቱ ለትንሽ ጭማሪ እንኳ ቶሎ ይወርዳል፤ ሲረዝም ግን ብዙ ጨምረህም ለውጡ ያነሰ ነው። ርዝመቶቹን በእጥፍ ካስኬድክ በስምንት ሽቦ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን መንገድ ትሸፍናለህ፤ አንድም ሽቦ ትርፍ አይሆንም።

አሁን ወደ መርፌዋ እንምጣ፤ በእኔ ዓይን የዕቃው ዕንቁ እርሷ ናትና። ከ2 ኢንች ያነሰች የማግኔት መርፌ ናት፤ ኮረንቱ ከሚያልፍበት መዳብ በላይ አግድም ተንጠልጥላለች። የተንጠለጠለችበት ነገር 5 ኢንች የሚረዝም፣ ተዳምጦ የሳሳ የወርቅ ጥብጣብ ነው። ለምን ወርቅ ካልን፣ አይዝግም። ለምን ጥብጣብ ካልን፣ ያንኑ ያህል ክብደት ከሚሸከም ክብ ክር ይልቅ ጥብጣብ በቀላሉ ይጠመዘዛል፤ የመርፌዋ ትንሽ ጉልበት ይታወቅበታል። የጥብጣቡ የላይኛ ጫፍ በመቶ ክፍል የተከፋፈለ ክብ ሰሌዳ ካለው መዘውር ጋር ተያይዟል።

ኮረንቱ ሲለቀቅ መርፌዋ ከሰሜን ደቡብ መስመሯ ወደ ጎን ትሸሻለች። ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሸሸችበትን መጠን አንብቦ ይጽፋል። ኦም አያነብም። መዘውሩን እያዞረ ጥብጣቡን በመጠምዘዝ መርፌዋን ወደ ቦታዋ ይመልሳታል፤ በአጉሊ መነጽር አይቶ ልክ መነሻዋ ላይ ስትቆም፣ መዘውሩ ስንት መቶኛ ዙር እንደዞረ ይመዘግባል። ልዩነቱ ትልቅ ነው። መርፌዋ እንደልቧ ብትዞር ከመዳቡ ጋር ያላት ማዕዘን በየልኬቱ ይለያያል፤ ያኔ የሚነበበው ቁጥር የኮረንቱ ብቻ ሳይሆን የማዕዘኑም ሥራ ይሆናል። ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ እንድትቆም ከተደረገች ግን የሚለያየው የጥብጣቡ ጥምዝ ብቻ ነው፤ ጥምዙ ደግሞ ከጉልበቱ ጋር እኩል እንደሚሄድ ፈረንሳዊው ኩሎም ከአርባ ዓመት በፊት አረጋግጦታል። የኦም መርፌ ለመዞር አልተሠራችም፤ ላለመዞር ነው የተሠራችው።

ጃንዋሪ 8 ቀን 1826 ስምንቱን ሽቦዎች ከአጭሩ ወደ ረጅሙ በየተራ ለካ። ቁጥሮቹ እነሆ፦ 326¾፣ 300¾፣ 277¾፣ 238¼፣ 190¾፣ 134½፣ 83¼፣ 48½። የመጀመሪያው ቁጥር መዘውሩ ሦስት ሙሉ ዙር ዞሮ አራተኛውን መጀመሩን ይነግረናል፤ የመጨረሻው ግማሽ ዙር እንኳ አይሞላም።

ከነዚህ ቁጥሮች ያወጣው ቀመር ይህ ነው፦ 7285ን፣ 20¼ ሲደመር የሽቦው ርዝመት በሚሰጠው ድምር ላይ አካፍል። አንባቢ ብዕር ካለው አብሮኝ ይሞክር። ለ2 ኢንቹ ሽቦ 7285ን በ22¼ ማካፈል 327.4 ይሰጣል፤ የተለካው 326¾ ነው። ለ130 ኢንቹ በ150¼ ማካፈል 48.5 ይሰጣል፤ የተለካውም 48½። መሀል ላይ ለ34 ኢንቹ 134.3፤ የተለካው 134½። ከስምንቱ ውስጥ ከቀመሩ ይበልጥ የራቀው የ66 ኢንቹ ሲሆን የራቀውም አንድ ተኩል ከመቶ ባልሞላ ነው። ይህ በሚቀልጥ በረዶ፣ በወርቅ ጥብጣብና በአንድ ሰው ዓይን የተገኘ ውጤት ነው።

20¼ ምንድን ናት? ከቀመሩ ሁሉ እኔ የምወደው ይህችን ቁጥር ነው። የቢስሙዙ ዘንግ፣ የመዳቦቹ ጠፍሮች፣ ሜርኩሪው፣ መላው ዕቃ ራሱ ኮረንቱን የሚያንቅበትን መጠን ትናገራለች፤ ዕቃው እንዳለ 20¼ ኢንች ሽቦን ያህላል። ሰውዬው ሽቦ ለመለካት ተነሥቶ የገዛ ሚዛኑን ክብደት በኢንች ለክቶ አረፈው። ከሦስት ቀን በኋላ፣ ጃንዋሪ 11፣ ሥራውን ሲደግመው ቁጥሮቹ ሁሉ ጥቂት ዝቅ አሉ፤ አጭሩ ሽቦ 311¼፣ ረጅሙ 46 ሆነ። ሌላ ሰው ይህን ሲያይ ተስፋ ይቆርጥ ይሆናል። ግን 311¼ን በ22¼ አባዛው፣ 46ን ደግሞ በ150¼፤ አንዱ 6925፣ ሌላው 6911 ይመጣል። ጭራሽ አንድ ነው ማለት ይቻላል። ገፊው ኃይል ትንሽ ቀንሷል፤ 20¼ ግን ከቦታዋ ንቅንቅ አላለችም።

ቮልቴጁን ራሱን መለወጥ ቀርቶ ነበርና እርሱንም ሞከረ። የሞቀውን እግር ከፈላው ውሃ አውጥቶ በክፍሉ ሙቀት ተወው፤ የክረምት ክፍል ነው፣ 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የማይሞላ። በሁለቱ እግሮች መካከል ያለው የሙቀት ልዩነት ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ። ኮረንቶቹም በስምንቱም ሽቦዎች ላይ በዚያው መጠን ገደማ ወረዱ። ገፊው ሲቀንስ ፍሰቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፤ ሽቦው ግን ያው ሽቦ ነው። ዛሬ በግራፍ ላይ ከዜሮ ተነሥቶ ቀጥ ብሎ የሚወጣው መስመር መጀመሪያ የተሰመረው በዚህ ብርድ ነው።

እዚህ ላይ ስለ ካቨንዲሽ ዝም ብሎ ማለፍ ግፍ ይሆናል። እንግሊዛዊው ሄንሪ ካቨንዲሽ በ1781 ከዚህ ጋር የሚቀራረብ ነገር አግኝቶ ነበር። መለኪያው የገዛ አካሉ ነበር፤ ሁለት ንዝረቶችን በሰውነቱ እየተቀበለ የትኛው እንደሚበረታ ያነጻጽር ነበር። ውጤቱን ግን አላሳተመውም፤ የፊዚክስ ሊቁ ማክስዌል ከወረቀቶቹ መሀል አውጥቶ ያሳተመው በ1879 ነው። ከሥጋና ከነርቭ ያን ያህል ትክክለኛ ልኬት ማውጣትም ጥበብ ነው፤ ግን ለሌላ ሰው ልታውሰው የምትችለው መሣሪያ አይደለም።

የኦም መጽሐፍ በ1827 በርሊን ላይ ታተመ። አቀባበሉ ቀዝቃዛ ነበር። የለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ኮፕሊ የተባለውን ሜዳልያ የሰጠው በ1841 ነው፤ ሙኒክ ላይ የፊዚክስ ፕሮፌሰርነት መንበር ያገኘው በ1852፣ ሊሞት ሁለት ዓመት ሲቀረው። ስለዚህ በደል ብዙ ያዘኑለት አሉ፤ እኔ ወደ ዕቃው ልመለስ።

የዚያን ዕቃ ብልጫ በደንብ የሚያስረዳው ከእርሱ ተቃራኒ የሆነ ዕቃ ነው። ለመኪና ፍሬን መብራት የሚገባውን የ12 ቮልት፣ የ21 ዋት አምፖል ከመለዋወጫ ሱቅ ግዛ። ቮልቴጁ በቁልፍ ከፍና ዝቅ ከሚል ፓወር ሰፕላይ ጋር አገናኘው። 12 ቮልት ላይ 1.75 አምፔር ያልፋል። አምፖሉ እንደ ኦም ሽቦ ቢሆን ኖሮ 6 ቮልት ላይ ግማሹን፣ 0.9 አምፔር ገደማ፣ በጠበቅን ነበር። የምታነበው ግን ወደ 1.2 ነው። ወደ ታች በወረድክ ቁጥር ከቀጥታው መስመር የሚበልጥበት እጥፍ እየጨመረ ይሄዳል፤ ግራፉ መጀመሪያ ሽቅብ ይነሣና እያደር ይጎብጣል።

አምፖሉ ግን ደካማ ሥራ ሆኖ አይደለም። እንዲያውም ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አቅርበህ ብታየው በስፕሪንግ መልክ የተጠቀለለ የተንግስተን ክር ታያለህ። ተንግስተን በተፈጥሮው ተሰባሪ ነው፤ ወደ ሽቦነት ስቦ ማውጣት ዊልያም ኩሊጅ በጄኔራል ኤሌክትሪክ ቤተ ሙከራ ዓመታት የፈጀበት ሥራ ነበር። ይህ ክር ሲቀዘቅዝ ኮረንትን የሚያንቀው ግማሽ ኦም ገደማ ነው፤ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ግሎ ሲያበራ ወደ 7 ኦም ይደርሳል። ቮልቴጁን ስትጨምር ሙቀቱንም ትጨምራለህ፤ ሙቀቱ ደግሞ ክሩን ሌላ ክር ያደርገዋል። ሁለት ነገር አብረው ተለወጡ ማለት ነው። የኦም ሽቦዎች ለምን እንዳልሞቁ አሁን ይገባናል፤ ጥቂት ሚሊቮልት 2 ሚሊሜትር የወፈረ መዳብን ሊያሞቅ አይችልም። ያ የናቅነው ደካማ ቮልቴጅ ሽቦውን ከራሱ ሙቀት የጠበቀው ጋሻ ነበር።

ዳዮድ ደግሞ ሌላ ባሕርይ አለው፤ ኤልኢዲ የምንለው መብራትም ዳዮድ ነው። አንድ ቴሌቪዥን ጠጋኝ ወጣት ከተበላሸ ቴሌቪዥን ስክሪን ጀርባ ያወጣውን የኤልኢዲ ሰንሰለት ሲመረምር አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። መብራቶቹን አንድ በአንድ ነው የሚነካቸው። ፓወር ሰፕላዩን ሲያዘጋጅ መጀመሪያ የነካው የቮልቴጁን ሳይሆን የአምፔሩን ቁልፍ ነው፤ ከጥቂት ሚሊአምፔር በላይ እንዳያልፍ ገደበው። ከዚያ ቮልቴጁን በጣም በዝግታ አነሣ። አንድ ቮልት፣ ምንም። ሁለት ቮልት፣ ምንም። ሁለት ተኩልን ሲያልፍ ደብዘዝ ያለ ብርሃን፤ ሦስት ሊደርስ ሲል ቦግ። አራተኛዋ ላይ ሲደርስ ቮልቴጁ ገና ሁለት ሳይሞላ የአምፔሩ ቁጥር መንቀሳቀስ ጀመረ፤ መብራቷ ግን ጨለማ ናት።

‹‹ይዩዋት፣ ጋሼ›› አለኝ ቀና ሳይል። ‹‹ሳትበራ አምፔር ከበላች አለቀላት ማለት ነው።››

ወረቀት ላይ ግራፍ አልሣለም። የኤልኢዲን ግራፍ ግን በጣቶቹ ያውቀዋል፤ እስከ የት ጠፍጣፋ እንደሆነ፣ የት ላይ እንደሚታጠፍ፣ ከታጠፈ በኋላ እንዴት ቀጥ ብሎ እንደሚወጣ። ጥሩ ዳዮድ ላይ 60 ሚሊቮልት ገደማ መጨመር ኮረንቱን 10 እጥፍ ያደርገዋል። ለዚህ ነው አምፔሩን አስቀድሞ የገደበው፤ እዚያ ላይ ያለ ሰው እጅ በትንሹ ካመለጠው መብራቷ ትቃጠላለች። ቁልፉን የሚያዞርበት ዝግታ የተማረ ዝግታ ነው።

ቀጥታ መስመርን እንደ ዕቃ አምርቶ መሸጥ የተቻለው ከኦም በኋላ ነው። መዳብ በአንድ ዲግሪ ሙቀት ልዩነት ኮረንትን የሚያንቅበት መጠን 0.4 ከመቶ ገደማ ይለወጣል፤ ለመለኪያ ይህ ብዙ ነው። እንግሊዝ ተወልዶ አሜሪካ የሠራው ኤድዋርድ ዌስተን በ1880ዎቹ መዳብን ከማንጋኒዝ ጋር እያቀላቀለ ይህን ልዩነት ማጥፋት እንደሚቻል አገኘ። ማንጋኒን የሚባለው ቅይጥ ከ84 እጅ ገደማ መዳብ፣ ከ12 እጅ ማንጋኒዝና ከ4 እጅ ኒኬል ይሠራል፤ በክፍል ሙቀት አካባቢ ሙቀት የሚለውጠው ከመዳብ በመቶዎች እጥፍ ባነሰ ነው። መለኪያ ሬዚስተር የሚሠሩ ባለሙያዎች ይህን ሽቦ እጥፍ አድርገው ነው የሚጠቀልሉት፣ የሄደው ኮረንት በመጣበት ጎን እንዲመለስና ማግኔትነቱ እንዲጣፋ። ከዚያም በእሳት ያለዝቡታል፣ በመጠቅለል የመጣበት ውጥረት ዓመታት ቆይቶ እንዳያዛባው። አራት ጫፍም ያወጡለታል፤ ሁለቱ ኮረንት ለማስገባት፣ ሁለቱ ቮልቴጅ ለማንበብ፣ መጋጠሚያው ወደ ልኬቱ እንዳይቀላቀል። ኦም በሜርኩሪ ጽዋ የታገለው ችግር በአራት ጫፍ ተፈታ።

የቮልቴጅንና የኮረንትን ሙከራ ለምታሠሩ የፊዚክስ መምህራን ልመና አለኝ። ተማሪዎቻችሁ አንድ ሬዚስተር፣ አንድ አምፖልና አንድ ዳዮድ ይዘው ሲቀመጡ ከቀመሩ አስቀድማችሁ እጃቸውን እዩ። የቮልቴጅ መለኪያው በሚለካው ዕቃ በራሱ ጫፎች ላይ እንጂ ፓወር ሰፕላዩ ላይ አይገናኝ። አምፖሉ ላይ ቮልቴጁን ካነሡ በኋላ ሙቀቱ እስኪረጋ ይጠብቁ። ዳዮዱን አንድ ጊዜ ገልብጠው ይሞክሩት። ነጥቦቹን ሁሉ ሳያስቀምጡ መስመር አይስመሩ።

አንድ ተጨማሪ ነገር። ለ10 ኢንቹ ሽቦ የኦም ቀመር 240.8 ይሰጣል፤ ኦም ያሳተመው ግን 238¼ን ነው፣ የለካውን። ሊያስተካክላት ይችል ነበር፤ ማንም አያውቅበትም ነበር። ስለዚህ ነጥቦቹ ከመስመሩ ጥቂት ወጣ ወጣ ያሉ ሠንጠረዥ የሚያመጣ ተማሪ ሲገጥማችሁ ነጥብ አትቀንሱበት። ሁሉም ነጥብ መስመሩ ላይ ልክክ ያለለትን ግን ጠርታችሁ ጠይቁት።